ለሱብሂ የሚነሳው ሰው

ወይዘሮ ዘሊካ ሁለት ኪሎ ማር በጣሳ ይዘው ከባንኩ በር ላይ ቆሙና፣ ላለፉት ሁለት ወራት በየቀኑ ሲከፍልላቸው የኖረውን ሰው እንዲያገናኛቸው ዘበኛውን ጠየቁት። ዘበኛው ጋሹ የጣሳውን ክዳን ከፍቶ አየ፤ አሸተተ፤ መፈተሻውን በላዩ አሳለፈ፤ መፈተሻውም ጮኸ። ጣሳው ቆርቆሮ መሆኑን አስታወሱት። እሱም ጣሳውን ውጭ ትተው ማሩን ብቻ ይዘው እንዲገቡ ነገራቸውና፣ የተናገረው ነገር እንደማይሆን ዘግይቶ ገብቶት አሳለፋቸው። የሰውየውን ስም ሲጠይቃቸው አላውቀውም አሉ። የት ክፍል እንደሚሠራም አያውቁም። የሚያውቁት ለሱብሂ ሶላት የሚነሳ ሰው መሆኑን ብቻ ነው። ጋሹ አሰብ አደረገና፣ በዚህ ቅርንጫፍ በንጋት የሚገኝ ሰው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ እሱ ደግሞ በዕድሜው ለማንም ከፍሎ እንደማያውቅ ነገራቸው።

ፈርሂያ ይህን ሁሉ ከደንበኞች አገልግሎት ጠረጴዛዋ ላይ ሆና ሰማች። ወይዘሮ ዘሊካ የአባቷ እህት ናቸው። ከወግዲ መጥታ መካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ስትማር አራት ዓመት አስቀምጠው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ማሩንም አባቷ እንደላከው ክዳኑ ላይ ከታሰረው ሰማያዊ ጨርቅ አውቃዋለች። ተነስታ መቀበል ነበረባት። እሷ ግን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ዝቅ ብላ መሳቢያዋ ውስጥ የሌለ ወረቀት መፈለግ ጀመረች።

የወይዘሮ ዘሊካ ነገር ላይ ላዩን ሲሰሙት ግራ ያጋባል እንጂ የራሱ ልክ ነበረው። ከሁለት ወር ወዲህ በየማለዳው፣ ልክ ለሱብሂ ታጥበው ውዱእ ሲያደርጉ፣ ስልካቸው ጥር ይላል። ማንበብ ስለማይችሉ ስኳር የሚገዙበትን ባለሱቅ አሕመዲንን ያስነብባሉ። የስልካቸው መስኮት ጠባብ ነው፤ አሕመዲንም ደንበኛ እየጠበቀው ስለሆነ ፊተኛውን መስመር ብቻ ነው የሚያነብላቸው፦ «ሂሳብዎ ጎድሎ ስለተገኘ በእርስዎ ምትክ ተከፍሏል።» ይህ ለወይዘሮ ዘሊካ አዲስ ነገር አልነበረም። እሳቸው ባሉበት ቅሬ፣ ማለትም በሰፈሩ ዕድር፣ የወሩ መዋጮ ሲሰበሰብ የአንዱ ከጎደለ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው «የእሱ በእኔ ነው» ይላል፤ የቅሬው ዳኛም ይጽፋል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የተከፈለለት ሰው ደግሞ ገንዘቡን ከመመለሱ በፊት ባዶ እጁን ሳይሆን ወደ ከፈለለት ሰው ቤት ይሄዳል። እስኪሄድ ድረስ ፊቱን አቅንቶ አያየውም። እሳቸው ለስልሳ ቀን ገደማ ሳይሄዱ ቆይተዋል። ይህ ነው ሲያሳፍራቸው የከረመው።

ፈርሂያ የነገሩን ሌላኛውን ወገን ታውቀዋለች። ባንኩ በዚህ ዓመት «ከለላ» የሚባል አገልግሎት አምጥቷል። የደንበኛው ሂሳብ ሲጎድል ባንኩ ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ለሸፈነበትም ሃያ ብር ይወስዳል። የወይዘሮ ዘሊካ ሂሳብ ውስጥ ሦስት ብር ነበር። የዓመቱ የመልእክት ክፍያ አምስት ብር ሲቆረጥ ሁለት ብር ጎደለ። ከለላው ሁለቱን ብር ሸፈነና ሃያ ብር ጻፈ፤ መሸፈኑን ለነገረበት መልእክትም አንድ ብር። በማግስቱ ማለዳ ሃያ አንድ ብሩን ሊወስድ መጣ፤ ሂሳቡ ባዶ ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህ ይህንንም ሸፈነላቸው፤ ሌላ ሃያ ብር፣ ሌላ አንድ ብር። እንዲህ ሃምሳ ስምንት ማለዳ። ከለላ ባይኖራቸው ኖሮ ሁለት ብር ይጎድላቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይሆኑም ነበር።

ስለዚህ ነገር እያሰበች ሳለ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ገበየሁ ከቢሮው ወጣ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሰልፉን አይቶ ተመልሷል። ከዋናው መሥሪያ ቤት በመጣ ደብዳቤ፣ «ከለላ ደንበኞችን በእውነት ጠቅሟል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ የተጠቀመ ደንበኛ አነጋግሮ፣ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እስከ ስድስት ሰዓት እንዲልክ ታዟል። አልጠቀመም ብሎ መመለስ እንደሚቻል በደብዳቤው የትም አልተጻፈም። አቶ ገበየሁ በእጁ አንድ ደንበኛ ነበረው፤ የደጎሎ እህል ነጋዴ። ሰውየው ለጭነት መኪና የጻፈው ቼክ በከለላ ምክንያት ሳይመለስበት ቀርቷል፤ በእርግጥም ተጠቅሟል። ግን ቪዲዮ ላይ ቀርቦ አንድ ቀን ገንዘብ ጎድሎኝ ነበር ብሎ ከሚናገር መኪናው ከነጭነቱ ገደል ቢገባ እንደሚመርጥ በስልክ ነግሮታል። ሁለተኛዋ፣ የሻይ ቤት ባለቤት፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰምታ ሂሳቧን ዘግታ ሄዳለች።

ወይዘሮ ዘሊካ አቶ ገበየሁን ሲያዩት ከራቫቱን ተመልክተው ሰውየውን ያገኙት መሰላቸው። ጣሳውን በሁለት እጃቸው ዘረጉለትና ለሱብሂ ይነሳ እንደሆነ ጠየቁት። እሱ ግራ ተጋብቶ፣ በዚያ ሰዓት ብዙ ጊዜ ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ነገራቸው። ይህም አላሰናከላቸውም፤ ቀድሞ የሚነሳ ሰው ሁሉ ደግ ነው አሉ። የእሳቸው ነገር እስኪገባው ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ሲገባው ፊቱ በራ፤ ሰዓቱን አየ፤ አራት ሰዓት ከሩብ ነው።

«ፈርሂያ፣ ስልክሽን ይዘሽ ነይ» አለ። «እማማ እንግዲህ አብሽሩ፤ የሚሉትን ሁሉ እንደዚህ እንዳሉት ይበሉልኝ።»

አክስቷ ፈርሂያን ሲያዩ ደስ አላቸው። ቁርስ በልታ እንደሆነ፣ የተከራየችው ክፍል አሁንም ይበርድ እንደሆነ ጠየቋት። ዛሬ የመጡበትንም ነገሯት። ልጃቸው ሁዳ ትናንት ከጅዳ ስድስት ሺህ ብር ልካለች። አምስት ሺህ አራት መቶው የመብራት ቆጣሪ ይገባበታል። ስማቸው ከሦስት ዓመት ጥበቃ በኋላ በዝርዝሩ ላይ ወጥቷል፤ ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልከፈለ ተራው ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል፤ ቀጣዩ ቆጣሪ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ የመብራት ቢሮው ሰዎች ራሳቸው አያውቁም። እስከ ዛሬ መብራት የሚያገኙት በጎረቤታቸው በየሻለም መስመር ነበር። የሻለም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ለስላሳ የምትሸጥበት ፍሪጅ መስመሩ እየከበደበት ሁለት ጊዜ ስለተቃጠለባት፣ ከነገ ጀምሮ ሽቦውን እንደምትነቅል ሳምንት ቀድማ ተናግራለች። በተናገረች ማግስትም ሽሮ ልካለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በአጥሩ በኩል ስለ አየሩ ብቻ ነው የሚነጋገሩት።

ፈርሂያ ስድስት ሺህ የሚለውን ስትሰማ በልቧ ቀነሰችው። አራት ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ። ከለላው ዛሬ ማለዳ የራሱን ወስዷል። ያን ጊዜውኑ ልትናገር ትችል ነበር። አቶ ገበየሁ ግን አክስቷን ከባንኩ ዓርማ ሥር ባለው የእንግዳ ወንበር ላይ አስቀምጧቸዋል፤ ጣሳውንም ጭናቸው ላይ አስተካክሎላቸዋል። ፈርሂያ ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘች። በትንሿ መስኮት ውስጥ የአክስቷ ፊት ተረጋግቶ፣ ሰፊ ሆኖ ታየ። ከለላ ጠቅሞዎታል ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ሰውየውን እስካሁን እንዳላሳያቸው ገለጹና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ሳያውቃቸው የከፈለላቸውን፣ ስሙን ሳይናገር የሸፈናቸውን፣ ሰው ተኝቶ ሳለ የእሳቸውን ጉድለት የሚያስበውን፣ አላህ ጉድለቱን እንዲሸፍንለት፣ ልጆቹን እንዲያሳድግለት፣ ቀብሩን እንዲያሰፋለት ለመኑ። ከሰልፉ ውስጥ «አሚን» ያሉ ነበሩ። አንድ ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰኮንድ ሆነ። አቶ ገበየሁ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገና ቪዲዮውን እዚያው ቆሞ ላከው።

ማሩ ጥቂት ችግር ፈጠረ። የባንኩ ሠራተኛ ከአምስት መቶ ብር በላይ የሚያወጣ ስጦታ መቀበል አይችልም፤ ሁለት ኪሎ ማር ደግሞ በመካነ ሰላም ገበያ ከሺህ ብር በላይ ነው። መመለስም አይቻልም፤ ደንበኛን ያስከፋል። አቶ ገበየሁ ቅጽ አስመጣ። ስጦታው ለማን ተሰጠ በሚለው መስመር ላይ ጥቂት አሰበና «ለሲስተሙ» ብሎ ጻፈ። ምክንያት በሚለው ላይ «የደንበኛ እርካታ»። ከዚያም ማሩ ቁጥር ተለጥፎበት፣ በሁለት ሰው ቁልፍ የሚከፈተው ካዝና ውስጥ ገባ።

ወይዘሮ ዘሊካ ተራቸው ደርሶ ገንዘብ ከፋዩ በፍቃዱ ፊት ሲቆሙ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ፈርሂያ ከጎናቸው ቆመች። በፍቃዱ ብሩን በማሽን ቆጥሮ፣ በእጁ ደግሞ፣ በመስኮቱ ሥር አሳለፈላቸው። እሳቸው የመቶ ብር ኖት በአምስት አምስት እየደረደሩ ቆጠሩ። ጨረሱና እንደገና ጀመሩ።

«ስድስት ሺህ ነው የላከችልኝ» አሉ።

«አዎ እናቴ፣ ስድስት ሺህ ገብቷል። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃያው ለከለላው ተመላሽ ሆኗል።»

«ለሰውየው?»

«ሰው የለም እናቴ። ሲስተሙ ነው።»

ወይዘሮ ዘሊካ ከመስኮቱ ወዲያ፣ ከበፍቃዱ ትከሻ በላይ፣ ሰው ሊኖርበት ወደሚችለው ጥግ ተመለከቱ። እዚያ ያለው የማይሠራ ማቀዝቀዣና የተደራረበ ካርቶን ነው።

«ለማነው ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ዱዓ ያደረግሁት?» አሉ።

ከሰልፉ ኋላ ያለ አንድ ጎልማሳ ሳቅ አለ። ወይዘሮ ዘሊካ ስንት ጎድሏቸው እንደነበር ጠየቁ፤ ሁለት ብር ተባሉ። ሁለት ብር ጎደለኝ ብለው ቅሬ ላይ ቢናገሩ ሰው ይስቅባቸው እንደነበር ተናገሩ። በሁለት ብር አንድ ከረሜላ እንኳ አይገዛም። አቶ ገበየሁ ድምፁን ሰምቶ መጣ። የተቆረጠባቸው ገንዘብ ሪባ እንደሆነ ጠየቁት። እሱም በዚህ በኩል ልባቸውን እንዲጥሉ፣ የእሳቸው ሂሳብ ወለድ አልባ እንደሆነ፣ የተወሰደውም ወለድ ሳይሆን የአገልግሎት ክፍያ እንደሆነ አስረዳቸው።

«ወለድማ ቢሆን አውቄው እጠነቀቅ ነበር» አሉ።

ከዚያም ማራቸውን እንዲመልስላቸው ጠየቁት፤ ሸጠው ለቆጣሪው ይሞሉበታል። አቶ ገበየሁ በእውነት አዘነ። ማሩ አሁን የባንኩ ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል፤ የሚወጣው በኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው፤ ያውም ከአምስቱ አባላት ሁለቱ ደሴ ሥልጠና ላይ ናቸው። ቢያንስ ከከለላው አስወጡኝ አሉ። መውጣት ይቻላል አለ በፍቃዱ፤ መውጫው ሠላሳ ብር ነው። ግን አሁን ሂሳባቸው ባዶ ስለሆነ ሠላሳ ብሩን ከለላው ይሸፍንላቸዋል፤ ከለላው እየሸፈነ ያለ ደንበኛ ደግሞ መውጣት አይችልም። ይህን ሁሉ እንደ መዝሙር በቃሉ ይዞት ነበር፤ ግማሹ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ቀነሰ።

«ማን ነው እዚህ ውስጥ ያስገባኝ?» አሉ ወይዘሮ ዘሊካ።

በፍቃዱ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የመዝጋቢው ሠራተኛ መለያ ቁጥር በመጨረሻው መስመር ላይ ይገኛል። ቁጥሩን አየው። ከዚያ ፈርሂያን ሳያያት፣ እንደማያያት እያስታወቀ፣ «በራስዎ ስልክ ነው የተመዘገቡት» አለ።

«እኔ ከአረንጓዴው ቁልፍ በቀር ሌላ ተጭኜ አላውቅም።»

ፈርሂያ የመስኮቱ መስታወት ላይ የተለጠፈውን የምንዛሪ ዋጋ አነበበች። ከዚያ የራሷን ሂሳብ ከፍታ አየች። የወሩ ደሞዝ ከገባ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሠላሳ ብር በአክስቷ ሂሳብ አስገብታ፣ የመውጫውን ቅጽ ሞልታ፣ አክስቷን አስፈረመች፤ እሳቸውም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ። ስድስት መቶ ሃያ ብር ደግሞ አውጥታ በእጃቸው ላይ አስቀመጠችው። ከየት ነው አሏት። ከደሞዜ ነው አለች። ለረጅም ጊዜ አዩዋትና ብሩን ከሌላው ጋር አደባልቀው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቃ አብራቸው ሄደች። የመብራት ቢሮው ሰልፍ ግቢውን አልፎ እስከ ባጃጆቹ ማቆሚያ ይደርሳል። ንፋሱ አቧራውን ከመንገዱ እያነሳ ወደ ሰልፉ ያመጣዋል። ሰው ሁሉ ስለ ቆጣሪ ያወራል፤ አንዱ ወንድሙ ቆጣሪ ከገባለት ጀምሮ መብራት እንደሚጠፋበት ይናገራል፤ ሌላዋ ለቆጣሪው ሳጥን ልብስ ሰፍታለታለች። ወይዘሮ ዘሊካ በነዚህ ወሬዎች ውስጥ አልገቡም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁዳ ዛሬ ስትደውል ይህን እንዳትነግሪያት አሉ፤ ሰው ቤት ውስጥ ቆማ የምታገኘው ገንዘብ ነው፣ ያማታል። ፈርሂያ እሺ አለች። ስልኳ ጥር ሲል ተደናግጣ አየችው። አቶ ገበየሁ ነው። ቪዲዮው በዋናው መሥሪያ ቤት «ከልብ የመነጨ» ተብሏል፤ ለሁሉም ቅርንጫፎች ሊታይ ስለሆነ የደንበኛዋን ሙሉ ስም ከነአያት በአስቸኳይ ላኪ ይላል። ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ለዘጠኝ ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ገንዘብ ተቀባይዋ አሰጋሽ ብሩን ቆጥራ ደረሰኝ ቆረጠች። ወይዘሮ ዘሊካ ደረሰኙን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ማንበብ የማይችሉትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አዩት። አሰጋሽ ቆጣሪው በሳምንት ውስጥ እንደሚገጠም ስትነግራቸው አልሀምዱሊላህ አሉና ለእሷም ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘርግተው፣ ምን እንዳሰቡ አይታወቅም፣ መልሰው አወረዱት።

ወደ ቤት ሲሄዱ በዋናው መንገድ ዳር ዳሩን ነው የሄዱት። የደሴ ሚኒባሶች ጡሩንባቸውን እየነፉ ተሳፋሪ ይጣራሉ። ፈርሂያ አንድ ሁለት ጊዜ ልትናገር ጀምራ፣ ሚኒባስ ሲያልፍ እንደ ምክንያት ወስዳ ተወችው። ከመስጊዱ ጀርባ ወዳለው ጠባብ መንገድ ሲታጠፉ ግን ጩኸቱ ቀረ፤ የቀረላት ምክንያት አልነበረም።

«አክስቴ፣ ያስገባሁዎት እኔ ነኝ» አለች።

ወይዘሮ ዘሊካ መሄዳቸውን አላቆሙም። እሷም ከኋላቸው እየተራመደች፣ መሬት መሬቱን እያየች ነገረቻቸው። በኢድ ማግስት ቤታቸው መጥታ ነበር። የሁዳን አዲስ ቁጥር መዝግቢልኝ ብለው ስልካቸውን ሰጧት። ቁጥሩን መዘገበች። ከዚያ ሌላ አጭር ቁጥር ደውላ አንድን ተጫነች፤ እስማማለሁ የሚለውን ተጫነች፤ የራሷን የሠራተኛ መለያ ቁጥር አስገባች፤ ስልኩን መለሰችላቸው። እሳቸው በዚያ ሰዓት ገንፎ ሊያመጡላት ወደ ጓዳ ገብተው ነበር። በዚያ ወር እያንዳንዱ ሠራተኛ አርባ ሰው እንዲያስገባ ታዞ ነበር፤ ያልሞላ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል ተብሎ ነበር። ሁለት ብር ይጎድልብዎታል ብላ አላሰበችም። ምንም አላሰበችም።

አንድ ሰው አህያ እየነዳ አለፋቸው፤ ሰላምታውን ተቀብለው፣ ልጆቹን ጠይቀው፣ እስኪርቅ ጠበቁ። ከዚያ ቆመው ዞሩ።

«ስንት ሰው ጎድሎሽ ነበር?»

«አንድ።»

«ታዲያ አንድ ሰው ጎደለኝ ብትይኝ እምቢ እልሽ ነበር?»

ወይዘሮ ዘሊካ ትንሽ ጠበቋትና መንገዳቸውን ቀጠሉ። አልተቆጡም፤ ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ ቢሆን ፈርሂያ ትመርጥ ነበር። ከደጃፋቸው ሲደርሱ የሻለም በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ ከፈላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ከፍለናል፣ ልጄ ናት የሞላችልኝ አሉ ወይዘሮ ዘሊካ፤ የሻለምም ፈርሂያን መረቀቻት፤ እንዲህ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጥ አለች። ፈርሂያ ምርቃቱን አንገቷን ደፍታ ተቀበለች።

ወይዘሮ ዘሊካ በሩን ከፈቱ። ጫማቸውን አወለቁ። በዚህ ቤት፣ ውኃ የሚሸጠው ሰው እንኳ ጀሪካኑን አውርዶ ሲመለስ «ግባ እንጂ» ይባላል። እሳቸው ደህና ዋይ አሏት፤ ድምፃቸው ልክ እንደ ሁልጊዜው ለስላሳ ነበር፤ ከዚያም ገብተው በሩን ዘጉት።